ኬብል ተሰክቶም ኔቱ ሲንቀራፈፍ፦ ከፋይበር ሳጥኑ እስከ ላፕቶፑ የፍተሻ መመሪያ

ዋይፋይ አልይዝ ሲል ሁሉም ሰው የሚሰጠው ምክር አንድ ነው። «በኬብል ሞክረው!» ይባላል። ምክሩ ደህና ነው። ጉዱ የሚመጣው ኬብሉ ተሰክቶም ቪዲዮው ቆሞ ሲሽከረከር ነው። ያን ጊዜ ቀድሞ የሚወቀሰው ኢንተርኔት አቅራቢው ነው። አንዳንዴ እውነትም ጥፋቱ የእሱ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ችግሩ እዚያው ቤት ውስጥ ነው፤ በር ሥር በተጨፈለቀ ኬብል ወይም ከስንት ዓመት በፊት በተገዛች፣ አንዱን ኬብል ለብዙ እቃ በምታከፋፍል ስዊች ላይ።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» እንዲሉ፣ ፍተሻውም ከምንጩ ይጀምራል። ፋይበሩ ከሚገባበት ሳጥን ተነሱ። ከዚያ አንድ በአንድ ወደ ላፕቶፑ ሂዱ። ፍጥነቱ የወደቀበት ቦታ ላይ ስትደርሱ ጥፋተኛው ተገኘ። ዝም ብሎ ሁሉንም እቃ መቀየር ኪስ ከመጉዳት በቀር ጥቅም የለውም።

ልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሳጥኑና ኮምፒዩተሩ አንድ ክፍል ስለሚሆኑ ነገሩ ቶሎ ያልቃል። ስድስት ኪሎ ወይም ቂርቆስ ባሉ የድሮ ግቢዎች ግን ሳጥኑ ዋናው ቤት፣ ተጠቃሚው ሰርቪስ ቤት ይሆናል። መሀል ላይ በቆርቆሮ ጣሪያ የተጋደመ ኬብል አለ። እንዲህ ያለ ግቢ የምትኖሩ አራተኛውን ደረጃ ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

የሚያስፈልገው እቃ ጥቂት ነው። የኬብል መሰኪያ ያለው ላፕቶፕ፣ አዲስ የሁለት ሜትር ኬብል፣ ወረቀትና እስክሪብቶ። ወረቀቱን አትናቁት፤ መጨረሻ ላይ ትፈልጉታላችሁ።

ደረጃ 1፦ የሚገባችሁን ፍጥነት እወቁ

የምትከፍሉበት ጥቅል የሚለካው በሜጋቢት ነው። ፋይል ስታወርዱ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ቁጥር ግን አብዛኛውን ጊዜ ሜጋባይት ነው። አንድ ባይት ስምንት ቢት ስለሆነ፣ የጥቅሉን ቁጥር ለ8 አካፍሉት። የ20 ሜጋ ደንበኛ ሲያወርድ በሰከንድ 2.5 ሜጋባይት ካየ ሙሉውን እያገኘ ነው። አንድ ጊጋባይት ፊልም በዚህ ፍጥነት ሰባት ደቂቃ አካባቢ ይፈጃል። «20 ከፍዬ 2.5 ብቻ ሰጡኝ» ብሎ የሚጨቃጨቅ ሰው በየሰፈሩ አለ። እናንተም እንደዚያ ከነበራችሁ ንባቡን እዚህ ላይ ልታቆሙ ትችላላችሁ።

ደረጃ 2፦ ሳጥኑ ላይ በቀጥታ ለኩ

አጭሩን አዲስ ኬብል ከሳጥኑ ወደ ላፕቶፑ ስኩ። በመሀል ስዊች አይኑር፤ ሁለተኛ ራውተር አይኑር፤ የግድግዳ ሶኬትም አይኑር። ሌሎቹን ኬብሎች ከሳጥኑ ንቀሉ። የላፕቶፑን ዋይፋይ አጥፉ፤ አለዚያ የምትለኩት የትኛውን መንገድ እንደሆነ አታውቁም። የቤተሰቡም ስልክ ለአምስት ደቂቃ ከዋይፋይ ይውጣ። ልጆች ያኮርፋሉ፤ ይለፍ።

ከዚያ ፍጥነት የሚለካውን ስፒድቴስት ክፈቱ። መጀመሪያ አዲስ አበባ ባለ ሰርቨር ለኩ፤ ቀጥሎ ውጭ አገር ያለ መርጣችሁ ድገሙት። የአገር ውስጡ ጥሩ ሆኖ የውጩ ከወረደ የቤታችሁ መስመር ጤነኛ ነው። ጠዋት አንዴ፣ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ አንዴ ለኩ። ጠዋት ሙሉ፣ ማታ ግማሽ ከሆነ ሰው ሁሉ ቤቱ ገብቶ መስመሩ ተጨናንቋል ማለት ነው። ኬብል ብትቀይሩ ለውጥ አታዩም።

ሳጥኑ ላይ ራሱ ፍጥነቱ ከወረደ መብራቶቹን እዩ። «ፖን» የሚለው አረንጓዴ ሆኖ ሳይብለጨለጭ መብራት አለበት። «ሎስ» የሚለው ቀይ እየብለጨለጨ ከሆነ ብርሃኑ ሳጥኑ ጋ አልደረሰም። ከግድግዳው ወደ ሳጥኑ የምትሄደውን ቀጭን የፋይበር ገመድ ተከተሏት። ሶፋ ተጭኗት ወይም ሚስማር ላይ ተጠምዛ ይሆናል። ፋይበር ሲታጠፍ ብርሃን ያፈስሳል። ከቡና ስኒ አፍ በጠበበ ክብ አትጠቅልሉት። ጫፉን ነቅላችሁ ደግሞ በዓይናችሁ አትዩት፤ ብርሃኑ ባይታይም ሌዘር ነው።

ፋይበር ያልገባላችሁና በስልክ መስመር የምትጠቀሙ ከሆነ ሞደሙን ዋናው የስልክ ሶኬት ላይ በቀጥታ ሰክታችሁ ለኩ። ቤት ውስጥ የተቀጣጠለ የስልክ ሽቦ ፍጥነትን ይበላል።

ሳጥኑ ላይ ቁጥሩ ሙሉ ከሆነ ደግሞ አቅራቢውን ተዉት። ጥፋቱ ከዚህ ወዲህ ነው።

ደረጃ 3፦ አንዷን ቁጥር ፈልጉ

አሁን ላፕቶፑን ወደ ተለመደው ቦታው መልሱ። የተለመደውን ኬብል ስኩ። ዊንዶውስ 11 ላይ «ሴቲንግስ»፣ ከዚያ «ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት»፣ ከዚያ «ኢተርኔት» ግቡ። ዝቅ ስትሉ «ሊንክ ስፒድ» የሚል መስመር አለ። ከጎኑ 1000፣ 100 ወይም 10 ሜጋቢት ይነበባል። ይህ ላፕቶፑና ከኬብሉ ወዲያ ማዶ ያለው እቃ የተስማሙበት ፍጥነት ነው። ከኢንተርኔት ጥቅላችሁ ጋር ግንኙነት የለውም።

10 ካያችሁ ያለ ጥርጥር ብልሽት አለ። 100 ካያችሁ ግን ቆም ብላችሁ አስቡ። የ100 መስመር በተግባር የሚያሳልፈው 94 አካባቢ ነው። ጥቅላችሁ 200 ሆኖ ስፒድቴስቱ ሁልጊዜ 94 ላይ የሚቆም ከሆነ ምክንያቱ ይኸው ነው። ጥቅላችሁ 20 ወይም 50 ከሆነ ግን 100 ይበቃችኋል። ቁጥሩን 1000 ለማድረግ አዲስ ኬብል መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። የኢንተርኔት መካሪዎች ሁሉ «ጊጋቢት (1000) አድርጉት» ይላሉ፤ እኔ ግን ለ20 ሜጋ ጥቅል ጊጋቢት አይታየኝም። ለየት የሚለው ቤት ውስጥ ከኮምፒዩተር ወደ ኮምፒዩተር ትልልቅ ፋይል ለሚያመላልስ ሰው ነው። የሠርግ ቪዲዮ ቤቱ የሚያቀናብር ሰው 100 እና 1000 ምን ያህል እንደሚራራቁ ያውቀዋል።

1000 እያሳየ ቀርፋፋ ከሆነ፣ መሀል ላይ ስዊች ወይም ሌላ እቃ ካለ ወደ አምስተኛው፣ ከሌለ ወደ ስድስተኛው ደረጃ ዝለሉ።

ደረጃ 4፦ ኬብሉን መርምሩ

የኔትወርክ ኬብል ውስጥ ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ፤ ሁለት ሁለት ሆነው በአራት ጥንድ ተጠምዘዋል። ለ100 ሜጋ ሁለት ጥንድ ይበቃል። ለ1000 አራቱም ጥንዶች የግድ ናቸው። ከስምንቱ አንዷ ስትበጠስ መስመሩ የግድ አይሞትም፤ ብዙውን ጊዜ ዝም ብሎ ወደ 100 ይወርዳል። ኔቱ አልተቋረጠም፤ ስለዚህ ማንም ኬብሉን አይጠረጥርም። ለዚህ ነው ከሁሉ በፊት ኬብሉን የምጠረጥረው።

ፈተናው ቀላል ነው። ያንኑ አጭር አዲስ ኬብል በተጠረጠረው ቦታ ተኩት። ርቀቱ ካልፈቀደ ላፕቶፑን ወደ ሳጥኑ አምጡና የተጠረጠረውን ረጅም ኬብል ከነጥቅሉ ሰክታችሁ ሊንክ ስፒዱን እዩ። ከተቀየረ ተያዘ።

ከዚያ ኬብሉን በእጃችሁ ዳስሳችሁ ተከተሉት። በር የሚዘጋበትን ቦታ፣ የአልጋ እግር ያረፈበትን፣ በሚስማር የተመታበትን እዩ። ኮርኒስ ውስጥ ያለፈ ከሆነ አይጥን ጠርጥሩ። ቆርቆሮ ላይ የተጋደመ ከሆነ ሽፋኑ በፀሐይ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ክረምት ላይ ውኃ ይገባበታል። በጋ ላይ ደህና የነበረ መስመር ሐምሌ ላይ ማነከስ ከጀመረ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል። ከመብራት ሽቦ ጋር አብሮ ታስሮ ሜትሮች የሚሄድ ኬብልም ይረበሻል። ቢያንስ አንድ ስንዝር ያህል አራርቋቸው። መገናኘት ካለባቸው ተሻግረው ይለፉ እንጂ ጎን ለጎን አይሂዱ።

ተቆርጦ በፕላስተር የተቀጠለ ኬብል ካገኛችሁ አታመንቱ፤ አውጥታችሁ ጣሉት። ለመብራት የሚሠራ ቅጥል ለኔትወርክ አይሠራም።

ጫፎቹም የራሳቸው ጣጣ አላቸው። ብዙ ቤት ኬብሉ በጥቅል ከመርካቶ ይገዛና ጫፉን የሰፈር ባለሙያ ይመታዋል። ሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት ቀለም ከተደረደረ ይሠራል ብሎ የሚያምን ባለሙያ አለ። አይሠራም። ማለት፣ ይሠራል ግን ያነክሳል። ርካሿ መሞከሪያ ስምንቱንም መብራት አብርታ «ሰላም ነው» ትላለች። ሽቦዎቹ ግን በትክክለኛው ጥንዳቸው ስላልሄዱ አንዱ የሌላውን ምልክት ይረብሻል። መሰኪያውን ምላሱ ወደታች፣ የወርቁ ጥርሶች ወደ ላይ፣ ኬብሉ ወደ እናንተ ሆኖ ያዙት። ከግራ ወደ ቀኝ ያለው ትክክለኛ ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ ነጭ በብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ በአረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ በሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ በቡናማ፣ ቡናማ። አረንጓዴው ጥንድ ሰማያዊውን መሀል አስገብቶ መለያየቱን ልብ በሉ። ብዙ ሰው የሚስተው እዚያ ላይ ነው። ሲመታም ጥምዝማዙ ከ13 ሚሊሜትር በላይ መፈታት የለበትም፤ የሽፋኑ ላስቲክም መሰኪያው ውስጥ ገብቶ መያዝ አለበት።

አዲስ ስትገዙ ሽፋኑ ላይ የታተመውን አንብቡ። «ካት 5ኢ» እስከ 100 ሜትር ድረስ 1000 ሜጋ ያደርሳል። ካት 6 ደግሞ ከበቂ በላይ ነው። «ካት 8» ተብሎ በውድ የሚሸጠው ለቤት ምንም አይጨምርላችሁም። ከቁጥሩ ይልቅ ሽቦው ከምን እንደተሠራ ጠይቁ። መዳብ የተቀባ አልሙኒየም ገበያውን ሞልቶታል። ይቀላል፤ ይረክሳል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲታጠፍ ግን ይሰበራል። ከጥቅሉ ጫፍ አንዷን ሽቦ በቢላ ፋቅ አድርጓት። ውስጧ ብርማ ከሆነ አልሙኒየም ናት፤ እስከ ውስጥ ቀይ ከሆነ መዳብ። ሻጩ ቢቆጣም ሳትፍቁ አትግዙ።

ደረጃ 5፦ መሀል ላይ ያሉትን እቃዎች ጠይቁ

ኬብሉ ነፃ ከወጣ በሳጥኑና በላፕቶፑ መካከል የተቀመጠ እቃ ሁሉ ተጠርጣሪ ነው። ላፕቶፑን ይዛችሁ ከአንዱ ወደ ቀጣዩ እየተሰካችሁ ሊንክ ስፒዱንም ስፒድቴስቱንም መዝግቡ።

ሳጥኑ ራሱ አራት መሰኪያ ቢኖረውም በአንዳንዶቹ ላይ 1000 የሚያወጣው አንዱ ብቻ ነው። ሌሎቹ 100 ናቸው። ከመሰኪያው አጠገብ ወይም ከጀርባው የተጻፈውን አንብቡ። ከዚያ ብዙ የሚሠራበትን ኬብል ወደ ፈጣኑ አዛውሩ። ይህ በነፃ የሚገኝ ፍጥነት ነው።

ስዊች ካለ የሞዴል ስሙን ገልብጣችሁ እዩ። በየቤቱ ከሚገኙት የቲፒ-ሊንክ ትንንሽ ስዊቾች ስሙ ላይ «ኤስኤፍ» የሚል ያለበት 100 ነው፤ «ኤስጂ» የሚል ያለበት 1000 ነው። ሲያዩአቸው ተመሳሳይ ናቸው። አንድ ኬብል ሁለቱም ጫፉ እዚያው ስዊች ላይ አለመሰካቱንም አረጋግጡ። ቤት ሲጸዳ የወደቀ ጫፍ አንስቶ ባዶ ያገኘው ቀዳዳ ላይ የሚሰካ ደግ ሰው አይጠፋም። ያን ጊዜ መረጃው እዚያው እየዞረ መስመሩን ሁሉ ያንቃል፤ የስዊቹ መብራቶች በሙሉ አብረው እንደ እብድ ይብለጨለጫሉ።

ዋይፋይ ለማስፋት የተጨመረ ሁለተኛ ራውተር ካለ ደግሞ ሥራውን ቀንሱለት። ለእቃዎች አድራሻ የሚያድለውን «ዲኤችሲፒ» አጥፉ፤ የራውተሩን አይፒ ቁጥር ከሳጥኑ ቁጥር የተለየ አድርጉ፤ ኬብሉን «ዋን» (WAN) ከሚለው ቀዳዳ ነቅላችሁ «ላን» (LAN) ላይ ስኩ። አሮጌ ራውተር ትራፊኩን ሁሉ ራሱ ልቆጣጠር ሲል አቅም ያጥረዋል።

የራውተሩ አዳፕተር ከተቃጠለና ሌላ ከተተካ ቮልቱ ብቻ ሳይሆን አምፔሩም ይታይ። 12 ቮልት 1.5 አምፔር የሚፈልግ ሳጥን ላይ የ0.5 አዳፕተር ከተሰካ ይበራል፤ ጭነት ሲበዛ ግን ራሱን ያጠፋና ያበራል።

ደረጃ 6፦ ላፕቶፑ ራሱ

የኬብል መሰኪያ የሌላቸው ስስ ላፕቶፖች በዩኤስቢ የምትሰካ አስማሚ ይጠቀማሉ። ከእነዚህ ርካሾቹ 100 ብቻ ናቸው። 1000 የሚለውም ቢሆን አሮጌው ዩኤስቢ 2 ላይ ከተሰካ ሙሉውን አያወጣም። ብዙ ጊዜ ውስጡ ሰማያዊ የሆነውን ቀዳዳ ምረጡ።

የኔትወርክ ካርዱ «ስፒድ ኤንድ ዱፕሌክስ» የሚል ማስተካከያ አለው። «አውቶ» ላይ ተዉት። አንድ ሰው ያፋጥናል ብሎ «100 ፉል» ላይ አስሮት ከሆነ፣ ማዶ ያለው ስዊች መስማማት ያቅተውና በግማሽ መንገድ ይሠራል። ገጽ ይከፈታል፤ ከበድ ያለ ፋይል ሲመጣ ግን ይንገዳገዳል። ሊንክ ስፒዱ 100 እያለ ስፒድቴስቱ ጥቂት ሜጋ ላይ ከቀረ መጀመሪያ እዚህ ግቡ።

ቪፒኤን! በ2015 ዓ.ም. ማኅበራዊ ሚዲያዎች በተዘጉባቸው ወራት የተጫነ ነፃ ቪፒኤን እስካሁን ከጀርባ የሚሠራባቸው ላፕቶፖች አሉ። መረጃው አውሮፓ ደርሶ ሲመለስ ፍጥነት ከየት ይመጣል? አጥፍታችሁ ለኩ።

ቴሌቪዥን ላይ የምትለኩ ከሆነ አትደናገጡ። የብዙ ስማርት ቴሌቪዥኖች የኬብል መሰኪያ 100 ብቻ ነው፤ በዋይፋይ የተሻለ ቁጥር ሊያሳዩ ይችላሉ። ለፊልም ግን 100 ይተርፋል።

ደረጃ 7፦ ማን ነው የሚጠቀመው?

ግቢ ውስጥ ከተከራይ ጋር የምትጋሩ ከሆነ የሳጥኑን ገጽ ክፈቱና የተገናኙትን እቃዎች ዝርዝር እዩ። ማውረድ ብቻ አይደለም የሚያጨናንቀው። መጫንም እንዲሁ ነው። የደኅንነት ካሜራ ቀን ከሌት ቪዲዮ ወደ ውጭ ከላከ፣ ወይም ስልክ የለቅሶና የሠርግ ፎቶ ሁሉ ወደ ጉግል እየሰቀለ ከሆነ፣ የመጫኛው መንገድ ይሞላል። ያን ጊዜ የእናንተም ጥያቄ ወረፋ ስለሚይዝ ማውረዱ አብሮ ይዘገያል።

ለማረጋገጥ የትእዛዝ መስኮቱን ክፈቱ። «ፒንግ» የሚለውን ትእዛዝ ከሳጥኑ ቁጥር ጋር ጻፉ፤ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.100.1 ነው። በኬብል መልሱ 1 ሚሊሰከንድ አካባቢ መሆን አለበት። እዚህ ላይ የሚጠፋ መልስ ካለ ወደ ደረጃ 4 ተመለሱ። እዚህ ደህና ሆኖ ውጭ ያለው የጉግል ሰርቨር 8.8.8.8 ላይ የሚዘል ከሆነ ካሜራውን ለጊዜው ነቅላችሁ ድገሙት።

ስለ ክረምትና መብራት

ከዋናው ቤት ወደ ሰርቪስ በአየር የተዘረጋ የመዳብ ኬብል መብረቅ ሲወድቅ አጠገቡ እንኳ ቢሆን ኃይል ይዞ ይገባል። መሰኪያውን ሙሉ በሙሉ ላያቃጥለው ይችላል። አጉድሎት ይሄዳል፤ ከዚያ ወዲያ 10 ወይም 100 ብቻ ይላል። ሌላ ቀዳዳ ላይ ሞክሩ። ነጎድጓድ ሲጀምር ሁለቱንም ጫፍ መንቀል ጥሩ ልማድ ነው። አቅሙ ያለው ሁለቱን ቤቶች በፋይበርና ብርሃኑን ወደ ኬብል በሚለውጡ ሁለት መቀየሪያዎች ቢያገናኝ ከዚህ ጣጣ ይገላገላል። መብራት ሄዶ ሲመጣም እቃዎቹን ወዲያው አትሰኩ፤ ቮልቱ እስኪረጋጋ ትንሽ ታገሡ።

መቼ ይደወላል?

ሳጥኑ ላይ በቀጥታ፣ በአጭር ኬብል፣ ሌላ ተጠቃሚ ሳይኖር ለክታችሁ ቁጥሩ ጠዋትም ማታም ከወረደ ወደ ኢትዮ ቴሌኮም 994 ደውሉ። ወረቀቱን ያዙ፦ የአገልግሎት ቁጥር፣ የለካችሁበት ሰዓት፣ ያገኛችሁት ቁጥር፣ የመብራቶቹ ሁኔታ። «ኔቱ ዘገየ» ብቻ ካላችሁ የሚሰጣችሁ መልስ «አጥፍተው ያብሩት» ነው። «ሳጥኑ ላይ በኬብል ለክቼ ከ50 ውስጥ 8 አገኘሁ» ስትሉ ግን ያንን ጥያቄ ታልፋላችሁ።

ቴክኒሻኑ ሲመጣ ሳጥኑ ጋ የሚደርሰውን የብርሃን ኃይል እንዲለካላችሁ ጠይቁት። ቁጥሩ ኔጌቲቭ ነው፤ በተለምዶ ከ-8 እስከ -27 ዲቢኤም ባለው መካከል ይወድቃል። -20 አካባቢ ደህና ነው። -27 ጫፍ ላይ ከሆነ ወይም ካለፈ ጫፉን ጠርጎ ወይም ገመዱን ቀይሮ በድጋሚ ይለካ። ከመሄዱ በፊትም በእናንተው ላፕቶፕ ስፒድቴስት ይሠራ።